ስምሽን ጻፊ፣ ስሟን ጥራ

ልጆቼ፣

በሶፍትዌር ሥራ ጸጉሬ ሸብቷል፤ በብዙ ስብሰባ ላይም ብቸኛዋ ሴት ሆኜ ተቀምጫለሁ። ወደ ኮምፒውተር፣ ወደ ጌም ወይም ወደ ፊልም ሥራ ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች ዛሬም «ሴት ለዚህ ሙያ ትሆናለች ወይ?» እያላችሁ ስትከራከሩ እሰማለሁ። የሚገርመኝ ጥያቄው ገና ከጅምሩ መልስ ያገኘ መሆኑ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ኤሌክትሮኒክ ኮምፒውተሮች አንዱ የሆነው ኤኒያክ እ.ኤ.አ. በ1946 ለሕዝብ ሲታይ ፕሮግራሙን ያዘጋጁት ስድስት ሴቶች ነበሩ፤ ኬይ ማክነልቲ፣ ጂን ጄኒንግስ፣ ቤቲ ስናይደር፣ ማርሊን ዌስኮፍ፣ ፍራንሲስ ቢላስና ሩት ሊክተርማን። ስማቸውን አንድ በአንድ የጠራሁት ሆን ብዬ ነው። በዕለቱ ያስተዋወቃቸው የለም፤ ማታ ለተደረገው የእራት ግብዣም አልተጠሩም። ከአራት ዐሥርተ ዓመታት ገደማ በኋላ ካቲ ክላይማን የተባለች ተማሪ የማሽኑን ፎቶግራፍ አይታ «እነዚህ ሴቶች እነማን ናቸው?» ብትል፣ ለማሽኑ ማድመቂያ የቆሙ ሞዴሎች ናቸው ተባለች። ፎቶው ላይ ፊታቸው በግልጽ ይታያል። የጎደለው ስማቸው ነበር።

ስቴፋኒ ሸርሊ ደግሞ በ1962 እንግሊዝ አገር የሶፍትዌር ድርጅት አቋቁማ ለደንበኞች ደብዳቤ ስትጽፍ የሚመልስላት ታጣ። «ስቲቭ» ብላ መፈረም ስትጀምር መልስ ይመጣላት ጀመር። ዛሬ ማይኳን ዘግታ፣ የወንድ የሚመስል ስም ይዛ ኦንላይን ጌም የምትገባ ልጅ ያንኑ ነው የምታደርገው፤ ድምጿ ከተሰማ ስድቡና ልክፍቱ እንደሚከተል ታውቃለች። «ዝም ብላ ብትጫወት ምን ትሆናለች?» የሚል አይጠፋም። በቡድን ጨዋታ ጠላት በየት በኩል እንደመጣ የሚነገረው በማይክ ነው። እሷ ግማሽ አቅሟን አጥፋ ትጫወታለች፤ ስትሸነፍ ደግሞ «ሴቶች አይችሉም» ለሚለው ሰው ማስረጃ ትሆንለታለች።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ ማይክሽን ክፈቺ ብዬ አላስገድድሽም። ሥራው ያለው አጠገቧ ሆነህ ስድቡን በምትሰማው በአንተ ላይ ነው። ተሳዳቢው የሚኖረው በጓደኞቹ ሳቅ ነውና ጆሮ ዳባ ልበስ አትበል። «ተው፣ ተጫወት» ማለት ይበቃል፤ ካልተወ ሪፖርት አድርገው። በስብሰባም እንደዚሁ። ሴት ባልደረባህ ቅድም ያነሳችው ሐሳብ በሌላ ወንድ አፍ ተመልሶ መጥቶ ሲጨበጨብለት «ይህን ያለችው እሷ ናት» በልና ስሟን ጥራ።

ስም ቀላል ነገር ለመሰላችሁ፦ በ1979 አታሪ የተባለው የጌም ድርጅት አራት ፕሮግራመሮች ድርጅቱን ትተው አክቲቪዥን የተባለውን የጌም ድርጅት ከመሠረቱባቸው ምክንያቶች አንዱ በሠሯቸው ጌሞች ላይ ስማቸው አለመጠቀሱ ነበር። አራቱም ወንዶች ናቸው፤ ታሪካቸው ዛሬ በአድናቆት ይወራል። ሴት ስሜ ይጻፍ ስትል ግን ክብር ፈላጊ ትባላለች (ይህን ስንቴ እንደሰማሁት!)። በነገራችን ላይ ካሮል ሾው «ሪቨር ሬድ» የተሰኘውን ጌም በ1982 ለዚያው ለአክቲቪዥን ስትሠራ ስሟ አብሮ ወጥቷል። መብቱ ከተከበረ የሚጠቅመው ለሁሉም ነው።

አንቺ ደግሞ የሠራሽውን በጽሑፍ ያዢ። ኮዱ ላይ፣ ሰነዱ ላይ፣ የፊልሙ ባለሙያዎች ዝርዝር ላይ ስምሽ መኖሩን ራስሽ አረጋግጪ። ክፉ ቃል ሲነገርሽ ቀኑን፣ ቃሉንና በቦታው የነበሩትን ሰዎች ጻፊ። ወንድ ባልደረባሽን ደሞዙ ስንት እንደሆነ ጠይቂው፤ ነውር የለውም። ሪዮት ጌምስ የተባለው የጌም ድርጅት በሴት ሠራተኞቹ የቀረበበትን የፆታ አድልዎ ክስ ለመዝጋት በ2021 መጨረሻ 100 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እንዲህ ያለ ክስ በስሞታ ብቻ አይቆምም፤ የደሞዝና የሥራ መዝገብ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ልጨምር፣ በተለይ ወደ ፊልምና ሙዚቃ ለምትሄዱት። ሴቶችን በፆታ ጥቃት የበደለው የሆሊውድ ፊልም ፕሮዲውሰር የሃርቪ ዋይንስታይን ጉዳይ እስከ 2017 ድረስ ተዳፍኖ ከቆየባቸው ምክንያቶች አንዱ፣ አንዳንድ ሴቶች ካሳ ሲቀበሉ እንዳይናገሩ ያስፈረማቸው ውል ነው። ምስጢር ጠብቂ የሚል አንቀጽ ያለበት ወረቀት ሲቀርብልሽ ጠበቃ ሳያነበው አትፈርሚ። «ዛሬውኑ ካልፈረምሽ» የሚልሽ ካለ ይበልጥ ተጠራጠሪ። የፈረምሽውንም ሆነ የጻፍሽውን ማስታወሻ ኮፒ አድርጊና ከመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ውጭ አስቀምጪ፤ ከሥራ በተባረርሽ ቀን የይለፍ ቃልሽ ይዘጋል።