ኤች አይ ቪ እንዳለባችሁ በቅርብ ለሰማችሁ ሁሉ፣ ጠይቁኝ (ከጎንደር)

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጎንደር ነው የምኖረው፣ በ1997 ነፃው መድሃኒት ሲመጣ ከጀመሩት አንዷ ነኝ፣ አሁን ደግሞ አዲስ ከሚጀምሩት ጋር ቁጭ ብዬ አወራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ለህክምናው ሐኪማችሁን ስሙ። የጠየቃችሁኝን ስም ሳልጠቅስ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ እትዬ ከሰማሁ ሳምንት አልሞላኝም፣ እንቅልፍ የለኝም፣ እህል አይወርድልኝም፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ አንዳንዴማ ባልኖርስ እላለሁ።

መልስ፦ እታለም ከመጨረሻዋ ቃልሽ ልጀምር። ይቺን ሀሳብ ይዘሽ ብቻሽን አትደሪ። ዛሬውኑ ከምታምኚው ሰው ጋር እደሪ፣ ከበረታብሽ ደግሞ ቀጠሮ ምናምን ሳትይ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ድንገተኛ ሂጂና ለኔ እንዳልሽው በይ፣ የአእምሮ ሐኪሞች አሉ፣ ስራቸው ነው። ማልቀሱን ግን አልከለክልሽም፣ አልቅሺ። ብዙዎቻችን የምንፈራው የድሮውን ነው፣ በየሰፈሩ ድንኳን ሲተከል ያየ ሰው ኤች አይ ቪ ሲባል የሚታየው ሞት ብቻ ነው፣ ያ ግን መድሃኒት ያልነበረበት ጊዜ ነው፣ ዛሬ በጊዜ ጀምሮ የማያቋርጥ ሰው ልጁን ድሮ የልጅ ልጁን ያያል። ደሞ እንቅልፉ የጠፋው ኪኒን ከጀመርሽ በኋላ ከሆነ ለነርሷ ንገሪያት፣ ዶሉቴግራቪር የሚባለው የኤች አይ ቪ መድሃኒት ያለበት ኪኒን አንዳንድ ሰው ላይ እንቅልፍ ይነሳል፣ ከማታ ወደ ጠዋት ሲዞር ይሻለዋል።

ጥያቄ፦ ለማን ልንገር? እናቴ ብትሰማ አትችለውም፣ ጓደኞቼ ወሬ አይቋጥሩም።

መልስ፦ ለሁሉም የመናገር ግዴታ የለብህም ወንድምዓለም። አንድ ሰው ይበቃል፣ ግን ያ አንድ ሰው የግድ ያስፈልግሃል፣ እኔ ያየሁት ሰውን የሚጎዳው ከቫይረሱ ይልቅ ብቻውን ደብቆ መያዙ ነው፣ የሚደብቅ ሰው ኪኒኑንም ይደብቃል፣ እንግዳ ሲመጣ ይዘላል፣ ከዚያ ይተወዋል። ጓደኛህን ለመምረጥ የሌላውን ሰው ጉድ እንዴት እንደሚያወራ አዳምጠው። ተጣልተህ ወይ ጠጥተህ አትንገር። ሰው ከጠፋ ክሊኒኩ ውስጥ ኬዝ ማናጀር ወይ አድኸረንስ ሰፖርተር የሚባል፣ ኪኒኑን እንዳታቋርጥ የሚደግፍህ ሰው አለ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው ያለ ናቸው፣ በሱ ጀምር፣ ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ማህበር የቡና ፕሮግራም ካለውም እሱ ይጠቁምሃል። እናቶች ደግሞ ከምናስበው በላይ ይችላሉ፣ አልቅሰው ሲጨርሱ የኪኒን ሰዓት አስታዋሽ እነሱ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጎንደር ሁሉም ይተዋወቃል፣ የመድሃኒቱ ሰልፍ ላይ ቢያዩኝስ? ባህር ዳር ሄጄ ብወስድ?

መልስ፦ ይቻላል፣ ማዛወሪያ ይጻፍልሃል። ግን መንገድ ሲዘጋ ወይ የትራንስፖርት ብር ሲጠፋ ያቋረጠ ሰው አውቃለሁ፣ ከሰፈርህ ራቅ ማለት ከፈለግክ እዚሁ ጎንደር ውስጥ፣ ማራኪ ያለኸው አዘዞ ብትወስድ ይሻልሃል። ቫይረሱ ከወረደና ከተረጋጋህ የስድስት ወር ስለሚሰጡህ ሰልፉ በዓመት ሁለቴ ነው። እዚያ ያየህ ሰውም እዚያው ነው የቆመው።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ ነጌቲቭ ነው፣ መጋባት መውለድ ይቻላል? እንዴትስ ልንገረው?

መልስ፦ ይቻላል። ቫይራል ሎድሽ (ደምሽ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ወርዶ በምርመራ የማይታይ ከሆነና ኪኒኑን ካላቋረጥሽ በግንኙነት አይተላለፍም፣ እስከዚያ ኮንዶም፣ ለሱም መከላከያ ኪኒን አለ ጠይቁ። ልጅን በተመለከተ ያለ ህክምና ከ100 ልጅ ከ15 እስከ 45 ይያዝ ነበር፣ እናትና ልጅ በደንብ ከታከሙ ከ5 በታች ነው። ለመንገር ብቻሽን አትጋፈጪው፣ ካውንስለሯ (የክሊኒኩ አማካሪ) ባለችበት ሁለታችሁም ቁጭ በሉ። እጁን ያነሳብኛል ብለሽ የምትፈሪ ከሆነ ግን ለሱ ከመንገርሽ በፊት ይሄን ለካውንስለሯ ንገሪያት።

ጥያቄ፦ ጸበል ገብቻለሁ፣ አብረውኝ ያሉ ሰዎች እምነት ካለሽ ኪኒኑን ተይው ይሉኛል፣ ጾሙም አለ።

መልስ፦ እኔም ጸበል እጠመቃለሁ፣ ኪኒኔንም አልተውኩም። በ1999 የዚያን ጊዜው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው መድሃኒቱና ጸበሉ አይጋጩም ብለው በአደባባይ ተናግረዋል፣ ለሚከራከርሽ ይሄን ንገሪው። ለንስሐ አባትሽም ገልጠሽ ንገሪ፣ አብዛኞቹ ውሰጂ ነው የሚሉት። ስታቆሚ ቫይረሱ በሳምንታት ውስጥ ደምሽ ውስጥ ተመልሶ ይበዛል፣ ያቋረጥሽ ካለሽም ነገ ሳትይ ክሊኒክ ተመለሺ፣ የሚቆጣሽ ቢኖርም ቻይው። ለጾሙ አትጨነቂ፣ አሁን የምንወስደው በቀን አንዴ ነው፣ በባዶ ሆድም ከምግብ ጋርም ይሆናል፣ ማታ ከበላሽ በኋላ ማድረግ ትችያለሽ፣ ሰዓቱን ግን አትለዋውጪው።