የዌይሎን ጄኒንግስ የ1979ኙ ስብስብ ለጀማሪ

ወንድሜ፣ «ካንትሪ፣ ያንን የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ፣ መስማት ልጀምር ነው፤ በአሜሪካዊው ዘፋኝ በዌይሎን ጄኒንግስ የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ልጀምር ወይስ በሙሉ አልበሞቹ?» ብለሃል። እኔ ያለ ማመንታት ስብስቡን እላለሁ።

በ1979 ሲወጣ የያዘው 11 ዘፈን ብቻ ነበር። አንዱም ለመሙያ የገባ አይደለም!

በ1960ዎቹ የካንትሪ ማዕከል በሆነችው በናሽቪል ከተማ ወሳኙ ፕሮዲዩሰሩ፣ ማለትም ቀረጻውን የሚመራው ሰው፣ ነበር። ዘፋኙ ገብቶ ድምፁን ይሰጣል፤ አጃቢዎቹ የስቱዲዮ ሙዚቀኞች ናቸው፤ ከዚያ ቫዮሊንና ኮረስ ይደረብበታል። ዌይሎን ይሄ አንገፈገፈው። በ1972 ከሙዚቃ አሳታሚው ከአርሲኤ ጋር አዲስ ውል ሲደራደር በሥራው ላይ ራሱ እንዲወስን ጠየቀ፣ ተሳካለትም። ከዚያ በኋላ ከራሱ ባንድ ጋር መቅረጽ ቻለ። «አውትሎው» (ሕገወጥ፣ ሽፍታ እንደማለት) የተባለው የካንትሪ ዘፋኞች እንቅስቃሴ ትልቁ ቁም ነገር ለእኔ ይሄ ነው። እንቅስቃሴው የሚታወቅበት ጺምና የቆዳ ኮት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ስብስቡን የምወደው ለውጡ በጆሮ ስለሚያዝ ነው። የ1968ቱን «ኦንሊ ዳዲ ዛትል ዎክ ዘ ላይን» ከ1975ቱ «አር ዩ ሹር ሃንክ ደን ኢት ዚስ ዌይ» ጋር አስተያየው። ሁለተኛው ላይ ቤዙና ከበሮው ሳይቸኩሉ ይረግጣሉ፣ ጊታሩ ይጎረብጣል፣ ድምፁ ደግሞ ምንም ሳያጌጥ ፊት ለፊት ይቆማል። በጥሩ ማዳመጫ ስማው እባክህ።

አንድ ቅር የሚለኝ፣ ዘፈኖቹ በወጡበት ዓመት አልተደረደሩም። ከተመቸህ ቀጥለህ የ1973ቱን «ሆንኪ ቶንክ ሂሮስ» አልበም ያዝ። ከአንዱ በቀር ሁሉንም ዘፈን የጻፈው ወይም አብሮ የጻፈው ቢሊ ጆ ሼቨር ነው፤ ግጥሙ ይለያል።