ግርሻን ከነቅማሉ አጥኑት

የላቦራቶሪና የማይክሮባዮሎጂ ትምህርት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

ስለ አንድ ባክቴሪያ ስታነቡ ዓይናችሁ ቀድሞ የሚያርፈው ገዳይነቱ ላይ ነው። እኔ ግን ከሌላ ጥያቄ እንድትነሱ እመክራችኋለሁ፦ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሻገረው በምንድን ነው? አገራችን አሳምራ የምታውቀውን ግርሻን፣ ማለትም በቅማል የሚተላለፈውን እያገረሸ የሚመለስ ትኩሳት፣ እንውሰድ።

ግርሻን የሚያመጣው ባክቴሪያ ቦሬሊያ ሪከረንቲስ ይባላል፤ ከሰው ሌላ መጠለያ የሚሆነው እንስሳ አይታወቅም። የሚያመላልሰው የልብስ ቅማል ነው፤ ቅማሏም ለልጆቿ አታወርሰውም። ስለዚህ እያንዳንዷ ቅማል ባክቴሪያውን የምታገኘው ከታማሚ ደም ነው። ትኩሳቱ ለምን እንደሚያገረሽ የሚገባችሁ ይህን ስትይዙ ነው። ደም ውስጥ ጥቂት ቀን ብቻ ከሚቆይ ባክቴሪያ ይልቅ እየጠፋ የሚመለሰው ብዙ ቅማል ያገኛል፤ ዘሩም የሚቀጥለው በዚህ ነው።

አመላለሱ ደግሞ እንዲህ ነው። የባክቴሪያው ሽፋን በአንድ ዋና ፕሮቲን የተሞላ ነው። ሰውነት በዚያ ፕሮቲን ላይ አንቲቦዲ ሲያመርት ባክቴሪያው ከደም ይጸዳል፣ ትኩሳቱም ይበርዳል። በፕላስሚዶቹ (ከዋናው ክሮሞዞም ውጭ ባሉ የዲኤንኤ ቁራጮች) ላይ ግን የዚሁ ፕሮቲን ሌሎች ዓይነቶች ጂኖች ሳይነበቡ ተቀምጠዋል። ከብዙ ሺህ አንዱ ባክቴሪያ ከእነሱ አንዱን ወደሚነበበው ቦታ ሲያስገባ ሽፋኑ ይለወጣል፤ የፊተኛው አንቲቦዲ አያውቀውም። ከሳምንት ገደማ በኋላ የእሱ ዘር ደሙን ይሞላል። እባካችሁ «ባክቴሪያው አንቲቦዲውን አይቶ ተለወጠ» አትበሉ። ለውጡ በዘፈቀደ ቀድሞ የሚከሰት ነው፤ የአንቲቦዲው ሥራ ያልተለወጡትን ማጥፋት ብቻ ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ የመድኃኒት መላመድንም አይረዳም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ክፋት የሚመጣው አዲስ ጂን በመጨመር ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ነው። የኮሌራ ባክቴሪያ መርዙን ያገኘው ከቫይረስ ነው፤ እውነት ነው። ሪከረንቲስ ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ሙሉ ጂኖሙ ሲነበብ፣ በመዥገር የሚተላለፈው የምሥራቅ አፍሪካው ቦሬሊያ ደቶናይ የተጓደለ ቅጂ ሆኖ ተገኘ። ዲኤንኤውን የሚጠግንበት ጂን ሳይቀር ተበላሽቶበታል። እንዲህ ጎድሎም፣ ሕክምና ካላገኙ ታማሚዎች ከ10 እስከ 40 በመቶውን ይገድላል።

አሁን ወደ ማይክሮስኮፑ። ደም የሚወሰደው ትኩሳቱ ባለበት ሰዓት ነው፤ ከበረደ በኋላ የተወሰደ ደም ባዶ ቢመስል አይግረማችሁ። በመስታወት ላይ ከተቀባው ደም ቀጭኑን ስሚር ካደረቃችሁ በኋላ በሜታኖል አጽኑት (ፊክስ አድርጉት)፤ ወፍራሙን ግን ሜታኖል እንዳይነካው፣ ከነካው ቀይ የደም ሴሎቹ ሳይፈነዱ ቀርተው ሁሉን ይሸፍኑባችኋል። በፒኤች 7.2 የተዘጋጀ 10 በመቶ የጊምዛ ቀለም ለ10 ደቂቃ ያህል ይበቃል። በዘይት ሌንስ ከ100 ያላነሱ የእይታ መስኮች ሳታዩ «የለም» ብላችሁ አትጻፉ። ደም ሲረጋ የሚፈጠረው የፋይብሪን ክር ጀማሪን ያታልላል፦ ክሩ ውፍረቱ ይለያያል፣ ቦሬሊያ ግን ከዳር እስከ ዳር እኩል ቀጭን ሆኖ በእኩል ርቀት ይጠማዘዛል።

ታማሚው የመጀመሪያውን ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን ከወሰደ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ከአልጋው አትራቁ። ባክቴሪያው በብዛት ሲሞት ታማሚው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ያሻቅባል፣ ከዚያ የደም ግፊቱ ይወርዳል፤ ፈሳሽ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ። ይህን የሚያደርገው በአብዛኛው የሰውነት የራሱ ምላሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ፣ አዲስ አበባ ላይ የተደረገ ጥናት ቲኤንኤፍ የተባለውን የሰውነት መልእክተኛ የሚያግድ አንቲቦዲ ቀድሞ ከተሰጣቸው 20 ታማሚዎች ምላሹ 10ሩን፣ ካልተሰጣቸው 29 ደግሞ 26ቱን እንደያዘ አሳይቷል። የበሽታ ክፋት የባክቴሪያው ብቻ አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ውጤት ለማግኘት ይከብዳል።

ስለ ቅማሏም ይህን ያዙ። ባክቴሪያው ያለው በገላዋ ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ በዋናነት የሚተላለፈው ስትጨፈለቅና ፈሳሹ በተቧጨረ ቆዳ ሲገባ ነው። በጥፍር መግደል ስለዚህ አደገኛ ነው፤ ለቤተሰቡ በግልጽ ንገሩ። አንዴ የተያዘች ቅማል እስክትሞት ባክቴሪያውን ይዛ ትቆያለች፤ ታማሚውን አክማችሁ ልብሱን እንደነበረ ብትመልሱለት ሥራችሁ ግማሽ ቀርቷል። የእሱንና አብረውት የሚተኙትን ልብስና ብርድ ልብስ በአንድ ቀን ከ60 ዲግሪ ባላነሰ ሙቅ ውሃ አሳጥቡ፤ መታጠብ የማይችለውን ስፌት ስፌቱን በጋለ ካውያ አስተኩሱ።