ስለ ኮሳ፦ ቃላትን ለምትወዱ ወጣቶች

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን ሙሉ ከሩሲያኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ኖሬያለሁ። ስለ ቃላት አመጣጥ የምትጽፉትን እከታተላለሁ፤ ጉጉታችሁ ደስ ያሰኘኛል። የሚያሳስበኝ ሁለት ቃላት በድምፅ ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመዳሞች ናቸው ብላችሁ መፍረዳችሁ ነው። እኔም በእናንተ ዕድሜ እንዲሁ ፈርጄ ነበር።

በሩሲያኛ ኮሳ የተጎነጎነ ጸጉር ነው፤ ረጅም እጀታ ያለው ትልቅ ማጭድም ኮሳ ይባላል። ቋንቋውን በጀመርኩበት ዓመት «ጉንጉኑ እንደ ማጭድ ስለሚቆለመም ነው» ብዬ በደብተሬ ጻፍኩ። መምህርታችን አነበቡትና ከጸጉራቸው ላይ ማበጠሪያቸውን መዘው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «ቼሳት» አሉኝ፤ ማበጠር ማለት ነው። የጸጉሩ ኮሳ የዚህ ግስ ዘመድ ነው። በጥንቱ ስላቭኛ፣ ማለትም የሩሲያኛና የእኅቶቹ እናት በሆነው ቋንቋ፣ ከ«ኤ» በፊት የመጣ «ክ» ወደ «ች» ስለተለወጠ ዝምድናው ተሸፈነ እንጂ የስላቭኛ ዘመድ በሆነው በሊትዌኒያ ቋንቋ ጉንጉን ዛሬም ካሳ ነው። ማጭዱን ግን ሊቃውንት መቁረጥ ከሚል ሌላ ሥር ያመጡታል። የሚመሳሰሉት ባዕዳን፣ የማይመሳሰሉት ዘመዳሞች ሆኑብኝ!

ታዲያ ዝምድና በምን ይታወቃል? ጸጉር በሩሲያኛ ቮሎስ፣ በፖላንድኛ ቭዎስ፣ በሰርቢያኛ ቭላስ ነው። ይህ ብቻውን አይበቃም። «ድምፅ» የሚለውን ጨምሩ፦ ጎሎስ፣ ግዎስ፣ ግላስ። ወርቅንም፦ ዞሎቶ፣ ዝዎቶ፣ ዝላቶ። ልዩነቱ ራሱ ሥርዓት ይዞ ይመላለሳል። ሊቃውንቱ የእናቲቱን ቋንቋ ቃል «ቮልስ» ብለው፣ መጨረሻው ላይ አጭር አናባቢ ጨምረው መልሰው ያቋቋሙት በዚህ መንገድ ነው። ስላቮች መጻፍ የጀመሩት በ9ኛው ክፍለ ዘመን ስለሆነ ያን ቃል በጽሑፍ የተወልን የለም፤ ሊቃውንት ሲጽፉት ከፊቱ የኮከብ ምልክት (*) የሚያደርጉበትም ለዚህ ነው።

የእኛም ቤት በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። ጸጉር በግእዝ ሥዕርት፣ በዐረብኛ ሸዕር ነው፤ ዐሥር ደግሞ ዐሠርቱ እና ዐሸራ። ንጉሡ «ሠ» በዐረብኛው «ሸ» ፊት ሁለት ጊዜ ቆመ ማለት ነው። ሠ እና ሰን ስትጽፉ የምትጠነቀቁ ልጆች፣ እጃችሁ ላይ ያለው ማስረጃ ነው።

አንድ ሥራ ልስጣችሁ። የእንስሳ ጸጉር በሩሲያኛ ሸርስት፣ በቼክኛ ስርስት ይባላል፤ በሊትዌኒያ ቋንቋ ሸሪስ ሻካራ ጸጉር ነው። ደብተራችሁን በሦስት ዓምድ ክፈሉና ከእነዚህ ጀምሩ።