ክረምት ላይ የዘመናዊ ቀፎ ክዳን ለምን ውሃ ያንጠባጥባል?

ጥያቄ፦ «ሁለት ዘመናዊ ቀፎ አለኝ። ባለፈው ግንቦት መጨረሻ ማር ቆርጬ፣ ዝናብ እንዳይገባባቸው ሁለቱንም በላስቲክ አሽጌ ሸፈንኳቸው። ሐምሌ ላይ የማር እንጀራው ሻገተ። በሩ ላይም ነጭ ጠጠር የመሰለ ነገር ይወድቅ ጀመር። ነሐሴ ላይ አንደኛው ቀፎ ባዶውን ቀረ። አጠገባቸው የተሰቀለው ባህላዊ ቀፎዬ ግን ምንም አልሆነም። ክረምቱ ሳይገባ መድኃኒቱን ንገሩኝ።» ከአዊ ዞን፣ ዳንግላ አካባቢ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። መድኃኒት ለመግዛት ገንዘብ አያውጡ። ነጭ ጠጠር ያሉት ነገር በሻጋታ ሞቶ እንደ ኖራ የደረቀ የንብ እጭ ነው፤ ሠራተኞቹ ንቦች ከእንጀራው እየነቀሉ ወደ በሩ ያወጡታል። በሽታ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርጥበትና ብርድ ያመጣው በሽታ ስለሆነ እርጥበቱ ካልወጣ ተመልሶ ይመጣል። ከደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁን ነገር የነገረኝ የባህላዊ ቀፎዎ ደህና መሆን ነው። ንቡ የአንድ አካባቢ ንብ ነው፣ የሚቀስመው አበባ አንድ ነው፣ የሚዘንብበትም ዝናብ አንድ ነው። የተለየው ቤቱ ብቻ ነው።

ቀፎውን ያረጠበው ዝናቡ አይመስለኝም። ውሃው ከንቦቹ ከራሳቸው የሚወጣ ነው። ንቦች እጭ ያለበትን እንጀራ ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቀው ይይዛሉ፤ ለዚህ የሚያነዱት ማር ነው። 1 ኪሎ ማር ሲበሉ ወደ ሁለት ሦስተኛ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በትንፋሻቸው ይወጣል። ይህ እንፋሎት ሞቃት ስለሆነ ወደ ላይ ይነሣል። ሌሊት የቀዘቀዘውን ክዳን ሲያገኝ እዚያው ጤዛ ይሆናል። ማለዳ ክዳኑን አንሥተው ቢገለብጡት ጠብታዎቹን ከሥሩ ተደርድረው ያዩአቸዋል፤ በጠርዙ በኩል ይበዛሉ፣ ምክንያቱም መሐሉ በንቦቹ ሙቀት ይደርቃል። አሥር ፍሬም (እንጀራው የሚሠራበት የእንጨት ማዕቀፍ) ባለው ቀፎ መጀመሪያ የሚሻግቱት 1ኛው፣ 2ኛው፣ 9ኛውና 10ኛው የሆኑትም ለዚህ ነው። የእርስዎም ሻጋታ ከዳር የጀመረ ከሆነ ሌላ ምክንያት አይፈልጉ።

ባህላዊው ቀፎ ከሐረግ ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የተለሰነ ነው፤ በላዩ ሣር ይለብሳል። እንፋሎቱን ግድግዳው ጠጥቶ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ያስወጣዋል። የዘመናዊው ቀፎ ጣውላና ቆርቆሮ ግን አይጠጣም።

እዚህ ላይ ሳልቆጣዎት ባልፍ ደግ አይሆንም። ክረምት በመጣ ቁጥር ቀፎ በላስቲክ ሲጠቀለል፣ የክዳኑ ዙሪያም በእበት ሲመረግ አያለሁ፤ ለንቦቹ ታስቦ እንደሚደረግም አውቃለሁ። ነገር ግን ላስቲኩ ከውጭ የሚመጣውን ዝናብ ሲከለክል ከውስጥ የሚወጣውን እንፋሎትም አብሮ ያስቀረዋል። ንቦች ብርድን ደረቅ ሆነው ይችሉታል፤ ረጥበው ግን አይችሉትም። እባክዎ ዘንድሮ ላስቲኩን ይተዉት። ክዳኑን በሚስማር መብሳትም መፍትሔ አይደለም፤ ሙቀቱ እንደ ጢስ በቀዳዳው ሾልኮ ያልቅና እጩ በብርድ ይሞታል።

የሚያስፈልገው ሙቀቱን ይዞ እርጥበቱን የሚያሳልፍ ነገር ነው። ኤሚል ዋሬ የሚባል ፈረንሳዊ ቄስ በሠራው ቀፎ ላይ ከክዳኑ ሥር ጭድ የተሞላ ሣጥን አስገብቶ ነበር። ይህን ሐሳብ በእርስዎ ቀፎ ላይ በግማሽ ቀን ሥራ ሊገጥሙት ይችላሉ፤ የጭድ ሣጥን እንበለው።

10 ሳ.ሜ. ስፋትና 2 ሳ.ሜ. ያህል ውፍረት ያላቸው አራት ጣውላዎች ያዘጋጁ። ርዝመታቸውን ከሌላ ሰው ቀፎ አይውሰዱ፤ ዛንደርና ላንግስትሮት የሚባሉት የዘመናዊ ቀፎ ዓይነቶች ልካቸው ይለያያል። የራስዎን ቀፎ የላይኛውን ጠርዝ ከውጭ ወደ ውጭ ለክተው ጣሪያም ወለልም የሌለው ሣጥን አድርገው ይምቱት። በቀፎው ላይ ሲቀመጥ ዙሪያውን ገጥሞ ማረፍ አለበት።

ለወለሉ የቃጫ ጆንያ ይፈልጉ። የማዳበሪያ ከረጢት አይሆንም፤ ፕላስቲክ ስለሆነ የጣሉትን ላስቲክ መልሶ ማስገባት ነው። ኬሚካል የነካውን ጆንያም አይጠቀሙ። አጥበው ያድርቁትና በሣጥኑ ሥር በደንብ ወጥረው በአጫጭር ሚስማር ወይም አናቱ ሰፊ በሆነ ብሎን ዙሪያውን ይያዙት። ንቦች ጆንያ ቦጭቀው የመጣል ልማድ ስላላቸው ሁለት ጭብጥ የስንዴ ዱቄት በግማሽ ሊትር ውሃ እንደ ሙቅ አፍልተው ወደ ንቦቹ የሚዞረውን ፊት ይቀቡት፤ ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ጠንከር ይላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በመወጠሩ ላይ ነው። ጆንያው ከረገበ ጭዱ ከብዶት ፍሬሞቹ ላይ ይተኛል፣ ንቦችም ይጨፈለቃሉ። በፍሬሞቹ አናትና በጆንያው መካከል ከ6 እስከ 9 ሚ.ሜ. ክፍተት መኖር አለበት። አሜሪካዊው ላንግስትሮት በ1851 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ትልቅ ነገር ይኸው ነው፦ ክፍተቱ ከዚህ ከጠበበ ንቦች በሙጫ ይደፍኑታል፣ ከሰፋ እንጀራ ይሠሩበታል። ፍሬሞቹ ከቀፎው ጠርዝ ዝቅ ብለው ስለሚቀመጡ ጆንያው ከተወጠረ ክፍተቱ በራሱ ይገኛል። የውስጥ ክዳን ካለው ያውጡት፤ ካልወጣ እንፋሎቱ ጭዱ ጋ አይደርስም።

ከዚያ ደረቅ የጤፍ ጭድ ይሙሉበት። አይጠቅጥቁት፤ በመዳፍ ሲጫኑት ወደ ውስጥ ገብቶ መመለስ አለበት። የአናጢ ፍቅፋቂም ይሆናል፣ ሰጋቱራ ግን በጆንያው ቀዳዳ እየሾለከ ንቦቹ ላይ ይወርዳል። ከላይ 2 ሳ.ሜ. ባዶ ይተዉ። በመጨረሻ በሣጥኑ አራት ማዕዘን ላይ 1 ሳ.ሜ. ውፍረት ያላቸው ቁርጥራጭ እንጨቶች መትተው ክዳኑን በእነርሱ ላይ ያሳርፉት። ጭዱ የጠጣው እርጥበት በዚያች ክፍተት በነፋስ ይወጣል። ይህችን ክፍተት የረሳ ሰው ጭዱ በሁለት ሳምንት ይበሰብስበታል። የክዳኑ ከንፈር ወደ ታች ስለሚወርድ ዝናብ በእርሷ አይገባም።

ሣጥኑን ሰኔ ሳይገባ ይጫኑት፤ በጋም ሲመጣ አያንሡት፤ በመጋቢት ፀሐይ ቆርቆሮው ሲግል እንጀራውን ከመቅለጥ የሚያድነው ይኸው ጭድ ነው።

ከዚሁ ጋር የቀፎውን የኋላ እግሮች በ2 ሳ.ሜ. ከፍ ያድርጉ፤ ወለሉ ላይ የሚደርስ ውሃ ካለ በበሩ በኩል ይፈስሳል። በሩን በእንጨት አጥብበው ወደ 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያውርዱት፣ ጨርሰው ግን አይዝጉ። ሁለተኛ ፎቅ ካለውና ንቡ ከሰባት ፍሬም በላይ ካልሸፈነ ፎቁን ያንሡ፤ ባዶ ክፍል ማሞቅ ማር ይጨርሳል።

ጉንዳን ደረቅ ጭድ ይወዳል። እግሮቹን ዙሪያ በ10 ሳ.ሜ. ስፋት ግራሶ ይቀቡና በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ያድሱት፤ ዝናብና አቧራ ከሸፈነው ጉንዳኑ ይሻገረዋል። ቀፎውን የሚነካ ሣርና ቅርንጫፍ ካለ ግራሶው ዋጋ ስለሌለው ዙሪያውን ይመንጥሩ።

አንድ ነገር ግን ከደብዳቤዎ ውስጥ አሳስቦኛል፤ ማር የቆረጡት ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። ምን ያህል እንደተዉላቸው አልጻፉም። ከእርጥበቱ ቀጥሎ የምጠረጥረው ረሃብን ነው፤ የራበው ንብ ቀፎውን አያሞቅም፣ ሲብስበትም ኮብልሎ ይሄዳል። ዘንድሮ ቢያንስ አራት ማር የሞላ ፍሬም ይተዉላቸው። ሐምሌ ላይ ቀፎውን ከኋላው በእጅ ነቅነቅ አድርገው ሲያነሡት ከቀለለ 2 ኪሎ ስኳር በ1 ሊትር ሙቅ ውሃ በጥብጠው ሲቀዘቅዝ ማታ ላይ በቀፎው ውስጥ ያቅርቡ። ውሃ አያብዙ፤ ቀጭን ከሆነ እርጥበቱን ይጨምራል።

ባዶ የቀረውን ቀፎ አሁኑኑ ይክፈቱት። የጠቆሩና የለሰለሱ እንጀራዎችን ቆርጠው ለሰም ያቅልጡ። ኖራ የመሰለ እጭ ያለበትን ፍሬም ወደ ሌላው ቀፎ ከማዛወር ይቆጠቡ፤ እንጀራውን ያቃጥሉ፣ እንጨቱን ፍቀው በእሳት ነበልባል ይለብልቡት። የባዶውን ቀፎ ውስጡንም እንዲሁ ያድርጉ። መስከረም ላይ መንጋ ሲያገኙ ዝግጁ ይሆናል።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ ዝናብ ጋብ ባለ ቀን ክዳኑን ብቻ አንሥተው እጅዎን ወደ ጭዱ ያስገቡ፤ ፍሬም አይንኩ። ላዩ ረጥቦ ሥሩ ደረቅ ከሆነ ሥራው ተሳክቷል። እስከ ሥሩ ከረጠበ በደረቅ ጭድ ይቀይሩትና የማዕዘኖቹ ክፍተት አለመደፈኑን ይመልከቱ። በአንድ ቦታ ብቻ ከበሰበሰ ግን ከዚያ በላይ ያለውን ቆርቆሮ ይመርምሩ፤ ብዙ ጊዜ የላላ ሚስማር ያገኛሉ፣ እርሱን ነቅለው ቀዳዳውን በሬንጅ ይድፈኑት።