ሲሰማ የሚገባው፣ ሲያነብ የሚጠፋበት ልጅ

ጥያቄ፦ የ15 ዓመት ልጄ 9ኛ ክፍል ነው። በቃል ሲጠየቅ ይመልሳል፤ የጽሑፍ ፈተና ላይ ግን ይወድቃል። አባቱ «ሰነፍ ነው» እያለ ማታ ማታ ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያስገድደዋል። ቤታችን የጭቅጭቅ ቤት ሆኗል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ውድ እህቴ፣ የጻፉልኝ ነገር ዲስሌክሲያ የሚባለውን የንባብ ችግር ያስጠረጥራል። ይህ የማሰብ ችሎታ ጉድለት አይደለም። አእምሮ ፊደልን ከድምፁ ጋር ቶሎ ማገናኘት ሲያቅተው የሚመጣ ነው፤ በዘርም ይወርዳል። ብዙ ልጆች በታችኛው ክፍል ጽሑፉን በቃላቸው እየያዙ ያልፋሉ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገቡ ገጹ ይበዛል፣ አዳዲስ ቃላት ይመጣሉ፣ ያ ዘዴ አያዋጣም።

እቤት ይህን ይሞክሩ። ከዚህ በፊት ካላየው መጽሐፍ 150 ቃል ገደማ ያላቸው፣ ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆነ ሁለት አንቀጾች ይምረጡ። አንዱን ራሱ ያንብብ፣ ሌላውን እርስዎ ያንብቡለት፤ በእያንዳንዱ አምስት አምስት ጥያቄ ይጠይቁት። የሰማውን በደንብ መልሶ ባነበበው ላይ ከተደናቀፈ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ደብተሩንም ይግለጡ፤ አንዱን ቃል በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ሦስት ዓይነት አድርጎ ጽፎት ይሆናል። ይህ ግን ምርመራን አይተካም። መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩ፤ ከዚያ ደብተሩን ይዘው የትምህርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ።

የማታው ንባብ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። ልጁ ሲፈራ ፊደል ለመለየት የሚያስፈልገውን ትኩረት ፍርሃቱ ይወስድበታል፤ ስህተቱ ይበዛል፣ ቁጣውም እንደዚያው። በምትኩ በቀን 20 ደቂቃ ረጃጅም ቃላትን ቆራርጦ ያንብብ፤ አንድ አጭር አንቀጽም ሦስት ጊዜ ይድገም። የታሪክና የባዮሎጂ ትምህርቱን ግን ያንብቡለት፣ ወይም በስልክ ቀድተው ያሰሙት። ንባቡ እስኪሻሻል ድረስ ዕውቀቱ መቆም የለበትም። ለንባብ ችግር ይረዳል የሚባለው ባለቀለም መነጽር ችግሩን አይፈታም፤ ገንዘብዎን አያውጡበት።

መምህራኑ ለልጁ ቀድመው ሳይነግሩት በተማሪ ፊት እንዳያስነብቡት ትምህርት ቤቱን ይጠይቁ፤ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ለፈተናም ተጨማሪ ጊዜ ይጠይቁ፤ በአንዳንድ የፈተና ሥርዓቶች እስከ 25 በመቶ ይጨመራል። መምህራኑ የአጻጻፍ ስህተቱን ከመልሱ ይዘት ለይተው ቢያርሙለት የሚያውቀው ነገር ይታያል።

ባለቤትዎን በክርክር ማሳመን ከባድ ነው። ከልጁ ጋር ሙከራውን ስታደርጉ ግን እሳቸውም አጠገባችሁ ይቀመጡ፤ የልጁን ልፋት በዓይናቸው ይዩት። ምርመራው ካረጋገጠው የችግሩን ስም ለልጁ ሁለታችሁም ሆናችሁ ንገሩት። እስከዚያው ራሱን «ደደብ ነኝ» ብሎ ሳይደመድም አይቀርም፤ ስህተት መሆኑንም ከአባቱ አፍ መስማት አለበት።