ከየት ልጀምር ላልሽኝ ልጅ

ሰሞኑን አንዲት ልጅ እንደ ሩት ካርተር የፊልም አልባሳት ዲዛይነር መሆን እፈልጋለሁ፣ የትኛውን ሶፍትዌር ልማር ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ግን ማታውን ሙሉ ስለ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሳስብ አደርኩ።

አባባ ነበር የምንላቸው። ቴአትር ቤት ስቀጠር ያገኘኋቸው ናቸው። የአርበኞች ቴአትር ልንሰራ አዘጋጁ አዲስ ካኪና አቡጀዲ አስገዝቶ ቶሎ ይሰፋ ሲል አባባ መቀስ ሳያነሱ ጠፉ፣ ለካ ሰፈራቸው ካሉ አንድ አርበኛ ዘንድ ሄደው በረሃ ምን ትለብሱ ነበር፣ ሲቀደድ በምን ትጥፉት ነበር እያሉ ሲጠይቁ ነው የዋሉት። ተመልሰው አዲሱን ልብስ በቡና አተላ ዘፈዘፉት፣ ጭስ አስጠጡት፣ ከዛ በሸክላ ስባሪ ይፈትጉት ጀመር፣ ሁሉንም ቦታ ግን አይደለም፤ የጠመንጃው ማንገቻ የሚያርፍበትን ትከሻ፣ ዝናሩ የሚበላውን ወገብ፣ መሬት የሚነካውን ጉልበት። የአንዱን ግራ ትከሻ ብቻ አሳሱትና "ይሄኛው ግራኝ ነው" አሉ። ተዋናዩ ያንን ለብሶ ሲወጣ ማንም ሳይነግረው ጠመንጃውን በግራው አነገተ። እንደዛ ያለ ነገር ከዛ በኋላ አላየሁም።

እነዛ ልብሶች መጋዘን ይጽዳ ተብሎ በማዳበሪያ ታጭቀው እንደ ቡትቶ ወጡ። አባባም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ፣ ነፍሳቸውን ይማር። አንድ ፎቶ እንኳን የለም፣ ዛሬም ያንገበግበኛል። እናንተ ካሜራው ኪሳችሁ ውስጥ አለ፣ የምታነሱት ግን ራሳችሁን ነው፣ ዲዛይን ሲባል ደግሞ ፒንተረስት የሚሉት የፎቶ ድረ ገጽ ላይ ማፍጠጥ ይመስላችኋል። ቅር አይበላችሁ፣ የሚሰማኝን ነው።

ሩት ካርተር እኮ ሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ስትማር የአልባሳት ዲዛይን ትምህርት አልነበረም፣ ላይብረሪ ገብታ ራሷን ነው ያስተማረችው። የመጀመሪያ ፊልሟ "ስኩል ዴዝ" በ1988 ወጣ። ስለ ጥቁር አሜሪካዊው የመብት ታጋይ ለተሰራው "ማልኮም ኤክስ" ፊልም ደግሞ የማሳቹሴትስ ማረሚያ ቤቶች መዝገብ ድረስ ሄዳ ማልኮም እስረኛ ሆኖ የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አንብባለች፣ ሰውየው ምን እንደሚለብስ ለማወቅ ማለት ነው! አባባም ያደረጉት ይሄንኑ አይደል? በዛ ፊልም ለኦስካር ታጨች፣ አላገኘችም፣ በ"አሚስታድ"ም ታጨች፣ አላገኘችም። በ"ብላክ ፓንተር" ያሸነፈችው 2019 ላይ ነው፣ ከመጀመሪያ ፊልሟ 31 ዓመት በኋላ፣ 2023 ላይ ደገመችው።

ሶፍትዌር ይቅርብሽ እያልኩ ግን አይደለም፣ እንደውም ተማሪ። "ብላክ ፓንተር" ላይ የንግስቲቱ ዘውድ በኮምፒውተር ተነድፎ በስሪዲ ፕሪንተር ነው የወጣው፣ መነሻው ግን ያገቡ የዙሉ ሴቶች የሚያደርጉት ባርኔጣ ነው። አንቺም ሽሮ ሜዳ ሂጂና ሸማኔዎቹን አነጋግሪ፣ ይሄ ጥለት ድሮ ለማን ነበር የሚሰራው፣ ቀሚሱ ሲለበስ ቀድሞ የሚያልቀው የቱ ጋ ነው በይ። የበዓል ሰሞን ግን እንዳትሄጂ፣ ቀና የሚልልሽም የለም፣ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ሂጂ፣ አስፈቅደሽ ድምጻቸውን ቅጂ፣ ስማቸውንም ጻፊ።